የምድጃው ጉሮሮ

እታለም በዕድሜዋ አጥብቃ የጠላችው ሥራ ቢኖር የጭስ ማውጫ መጥረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስትቀርፍ ብትውል አይሰለቻትም። ሰካራም ሲያንባርቅባት ትስቅበታለች። የቧንቧውን በር ክፈቺና ጥላሸቱን አራግፊ ስትባል ግን ወዲያው ወገቧን ያማታል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ የማልለቅ አመለኛ ነኝ። በዚህ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ወላሂ፣ ያ ጭቅጭቅ ዛሬ ተመልሶ ቢመጣልኝ ሌላ ምንም አልለምንም።

ታላቅ እኅቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቤት ከሐይቁ የሚወጣ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ እየጠበሰች ለመንገደኛ ትሸጥ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ውጫሌ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። እኔ ደብተር የያዝኩት፣ ኮሌጅ ገብቼ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ዓሣ ነው። ዓሣው የሚጠበሰው ደግሞ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ፣ መስኮት በሌለው ቤት፣ ሃያ ዓመት። እሳቱ እምቢ ሲላት ፌስታል ትጨምርበት ነበር። እኔን ሰው ለማድረግ ሳንባዋን ነው ያነደደችው። ይህን ለመረዳት ግን ብዙ ዘገየሁ።

ደረቷ የባሰባት የለውጡ ሰሞን ነው። አገሩ በተስፋ ሰክሮ ነበር፤ ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ፋብሪካ ይተክላል፣ አስፋልት ያነጥፋል። እኔ ከዚያ ሁሉ ተስፋ የፈለግኩት መብራት ሳይጠፋ የሚከርምበት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ከጭስ ካልራቀች መድኃኒቱ ብቻውን ምንም እንደማያደርግላት ቁርጡን ነገረችን። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ። መብራቱ ግን ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል። እታለም አንድ ቀን ምድጃውን በጨርቅ ሸፍና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችውና ለእንግዳ እናሳየዋለን ብላ ወደ ጉልቻዋ ተመለሰች።

ዓሣ ቤቱን በግድ አስዘጋኋት። ቤት ውስጥ ማብሰል ግን አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው የምውለው። ስለዚህ ግንበኛ ጎረቤታችንን ለመንኳቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከአምባሰል ደጋ የወረዱ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው፤ በውጫሌ ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየዞሩ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲሠሩ ኖረዋል። ጓዳችን ውስጥ በአሸዋና በሲሚንቶ ዙሪያዋን የተደፈነች ምድጃ ሠሩልን። እንጨቱ ከፊት በትንሽ አፍ ይገባል፤ ድስቱ ከላይ ቀዳዳው ላይ ግጥም ብሎ ይቀመጣል፤ ጭሱ ከኋላ በቆርቆሮ ቧንቧ ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። ቧንቧው ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በደረት ልክ፣ እጅ የምታስገባ ትንሽ በር አበጁ። መታጠፊያውን ጉሮሮ ይሉታል። ጉሮሮዋን በየሳምንቱ ካልጠረጋችሁላት ጭሱን መልሳ እናንተው ላይ ትተፋዋለች ብለው አስጠነቀቁን። ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዘንግም ሰጡን። ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይገፋል፣ ጥላሸቱ ይረግፋል፣ በሩ ተመልሶ ግጥም ተደርጎ ይዘጋል።

እኔም አስተማሪ አይደለሁ? የተባለውን ሁሉ በጠመኔ ጓዳው በር ላይ ጻፍኩት። እታለም ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ ነው የጻፍኩት፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እንጨቱ ደርቆ በቀጭኑ ይፈለጥ። ፌስታል ሐራም ነው። አመዱ ሳይበርድ ላስቲክ ባልዲ ውስጥ እንዳይገባ። ምድጃዋ ስትሰነጠቅ ዛሬውኑ በጭቃ ይለሰን፣ እሳት እስካለ ድረስ መስኮቱ አይዘጋ። እሷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታዳምጠኝና ይቺ ምድጃ ከኔ የተሻለ ሐኪም አላት ትላለች። አትዋሽም፤ ሁሉንም ታደርጋለች። ጉሮሮውን መጥረግ ሲመጣ ግን የለችም።

"በገዛ እጅሽ አንድ ቀን እንኳ ብትከፍቺው ምናለበት?" እላታለሁ።

"አብሽሪ፣ ነገ" ትለኛለች።

አብሽሪ በእኛ አገር ለሁሉም ነው፤ ለሐዘንተኛም፣ ለታመመም፣ ተስፋ ለቆረጠም ይባላል። እታለም ሥራ መሸሻም አድርጋው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው እስከ ክርኔ ጥላሸት ተቀብቼ ስጠርግ እሷ በሩ ላይ ቆማ ትስቅብኛለች። እንዴት እንደሚደረግ ግን ደጋግሜ አሳይቻታለሁ፤ እየሳቀችም ቢሆን ታያለች።

ሳሏ ቀነሰ። አልሀምዱሊላህ፣ ፊቷም መለስ አለ። ድሮ አምባሰል ታንጎራጉር ነበር፤ ደረቷ ከታመመ ወዲህ ግን ግማሽ ላይ ሳል ያቋርጣትና ትተወዋለች። ምድጃዋ ከገባች ከወራት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገዱ ዳር ሰማኋት፤ ዜማውን እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ከዚያ በኋላ እንዴት ዋልሽ ብዬ አልጠይቃትም፤ ቆም ብዬ አዳምጥና እገባለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሩቅ ስንሰማው ከርመን፣ ጥቅምት ሲገባደድ እኛው በር ላይ ደረሰ። ከተማው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ጎረፈ። እኛም ወጣን። እታለም እስከ አስፋልቱ እንኳ ሳትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔን ሂጂ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፣ በሰው ፊት ጮህኩባት፤ ጥዬሽ ልሄድ ነው እንዴ ያሳደግሽኝ አልኳት። ወደ ቤት ተመለስን። ጋሼም በዚህ ዕድሜዬ የት እሮጣለሁ ብለው ቀርተው ነበር። የፊት በራችንን ከውጭ በትልቅ ቁልፍ ቆለፉልን፤ ባዶ ቤት እንዲመስል። እኛ በጓሮ ገባን፣ መስኮቱን ዘጋን፣ ተቀመጥን።

ታጣቂዎቹ ገቡ። በማግሥቱ ጋሼ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ጭስ ያዩበትን ቤት ሰው አለበት ብለው እየገቡ ነው፣ የእኔንም ቤት በጭሱ ነው ያገኙት፣ እህሉን ወስደውታል አሉኝ። ወጣት ሴት ያለበት ቤት ምን እንደሚደረግ ሁለታችንም ሰምተናል፤ እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ጭስ ስለሌለው በከሰል አብስሉ አሉኝ። ዐዋቂ ነኛ፣ እንቢ አልኩ። ከሰል በተዘጋ ቤት ፍም ሆኖ ቢጠራም ይገድላል፤ ሰው ሳያውቀው እንቅልፍ ወስዶት ይቀራል። ጭስ ቢያንስ ያስላል፣ ያስነሣል አልኩ። እውነቴን ነው። ግን ያ እውቀት ምን ፈየደላት?

ጆንያ ጠቅልዬ ጉሮሮው ውስጥ ወተፍኩ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ እሳት አነዳለሁ፤ ውኃ ለማፍላትና ንፍሮ ለመቀቀል። ያቺ ጭስ እንዳታይ ብዬ ያሠራሁላት ምድጃ ጭሷን በሙሉ ቤት ውስጥ ትለቀው ጀመር። እታለም ፊቷን በነጠላ ሸፍና ግድግዳውን ታያለች። ሳሏን ሰው እንዳይሰማባት ትራስ ትነክሳለች። በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቆረ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት።

ፈራሁ። ስለ ራሴ የፈራሁትን ያህል ስለ እሷም ፈራሁ፤ እውነቱን ከተናገርኩ አራት ቀን ሙሉ የበለጠው የራሴ ፍርሃት ነበር። ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጭሱ ይውጣ፣ የመጣው ይምጣ አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ደግ አለች። ባልዲውን ይዤ ከጋሼ ጉድጓድ ውኃ ልቀዳ በጓሮ ወጣሁ፤ ብዙም አልቆየሁ።

ተመልሼ እሳት ሳነድ ጭሱ መልሶ ፊቴ ላይ መጣ። የቧንቧውን በር ከፍቼ እጄን ሰደድኩ፤ ጉሮሮው ባዶ ነው፣ ጥላሸት ብቻ። ከላይ ተደፍኗል ማለት ነው አልኩ፤ በዚያ ወከባ ሦስት ቅዳሜ ሳልጠርግ አሳልፌ ነበር። ዘንጉን ብፈልግ ከቦታው የለም። እታለምን ጠየቅኳት፤ አላየሁም አለች። ጥላሸት ነው አብሽሪ፣ አለች። ጣሪያ ላይ ወጥቼ እንዳልፈታው ያዩኛል። ምድጃዋን ረገምኳት፣ የሠሯትን ሽማግሌ ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ። እሳት እንዳልተው ደግሞ ሙቅ ውኃ ካልቀመሰች ደረቷ አይለቃትም። አነደድኩ። በማግሥቱም አነደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቼ መስኮቱን ልከፍትላት ስል እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ ቀዝቅዘው ነበር።

"እንዳትከፍቺ" አለችኝ። "ያዩሻል።"

ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ሳትመልስ ቀረች።

እኔና አንዲት የቀረች አሮጊት ጎረቤት አጠብናት። ጋሼ ሦስት ሰው ከየጓሮው ፈልገው አመጡ፤ ሁለቱ ዱዓ የሚያውቁ ነበሩ። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው ከፊት ተሸከሙ። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ። እኔም ጮኼ አላለቀስኩም፤ ድምፅም እንደ ጭስ ከቤት ይወጣል። ከቀብር ስመለስ ፍራሿን ባነሣው ዘንጉ ከሥሩ ተጋድሟል። እንዴት እዚያ እንደገባ ለማሰብ እንኳ አቅም አልነበረኝም፤ ጥግ ላይ ወረወርኩት።

ጦሩ ለቆ ወጣ፣ ሰውም ተመለሰ። እኔ ግን ምድጃዋን ማየት ጠላሁ። ጓሮ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ በሜዳ አበስል ነበር። በመጨረሻ ጋሼን ጠርቼ ይቺን ነገር አፍርሱልኝ፣ እኅቴን የገደለቻት እሷ ናት አልኳቸው። እኚያን ሰው እስከዚያ ቀን ክፉ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ ሥራዎት ነው የገደላት አልኳቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ከማፍረሴ በፊት ምን እንደነካት ልየው ብለው መሰላል አስደግፈው ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ቧንቧውን ከላይ ፈቱ፣ በብረት ወደ ታች ገፉ። አንድ ነገር ጉሮሮው ውስጥ ዱብ አለ።

ወርደው ትንሿን በር ከፈቱና ጎትተው አወጡት። ጨርቅ ነው። ዳር ዳሩ ተለብልቧል፣ ጥላሸት ጠጥቶ ከሥሏል። ጋሼ አራገፉት፤ ከመሐሉ አረንጓዴው ታየ። ዓሣ ስትጠብስ የምታስረው ሻሽ ነው። ያንን ሻሽ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንቅልፌ ሲመጣ አፌን የጠረገችኝ በሱ ነው።

"ልጄ፣ ይሄ ከላይ የገባ አይደለም" አሉኝ። "በውኃ ነክሮ፣ በዘንግ ከታች ወደ ላይ የገፋው ሰው አለ። እጅሽ እንዳይደርስበት አርቆ ነው የገፋው።"

ምድጃዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደግ ያለችኝን አስታወስኩ፤ ባልዲውን ይዤ የወጣሁባትን ያቺን ትንሽ ጊዜ አስታወስኩ። ያለ እኔ ድጋፍ ከአልጋዋ መነሣት አቅቷት ነበር። ጋሼ ሻሹን ጭኔ ላይ አድርገው ቧንቧውን ሊገጥሙ ወጡ።

ሁለት ዓመት ለምኛት፣ ተቆጥቻት፣ ወገቧን እያመማት ያልከፈተችውን በር ያን ቀን ከፍታዋለች። ልክ እንዳሳየኋት ነው ያደረገችው። ዘንጉን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ገፍታ፣ በሩን መልሳ ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች።