ከየኔታ ጀርባ ያልቆምኩበት ቀን

የሰፈራችን እድር ዳኛውን የሚመርጠው በሰልፍ ነው። ሁለቱ ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ይቆማሉ፤ መራጩ ከፈለገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ማን እንደመረጣቸው እንዳያዩ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሚስጥራዊ ምርጫ አላውቅም።

ያን ቀን እኔ የቆምኩት ከአንድ ነጋዴ ጀርባ ነው። ሌላው ዕጩ የኔታ ነበሩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ እድሩን ለዓመታት የመሩ፣ እናቴ ስትሞት ድንኳኑ እስኪተከል ዝናብ ላይ የቆሙ ሰው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይኸው ሥራ ብቻ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ የድምፅ መልእክት ተለቀቀ። ተናጋሪው ማንነቱን አልገለጸም። የኔታ መርሳት እንደጀመሩ፣ ድንኳኑን ለቅሶ ወደሌለበት ቤት እንደላኩ ተረከ። ከዚያ፣ "ብዙው ሰው ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ በራሱ ጭንቅላት የሚያስብ ሰው ግን ያውቀዋል" አለ። ይህች ዓረፍተ ነገር በእኔ ልክ የተሰፋች ነበረች። ሕዝቡ በሬዲዮና በስልክ እየተነዳ ይመርጣል እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙው ሰው ዝም ካለማ እኔ መናገር አለብኝ። ፀጉር ቤት አወራሁ፤ ባጃጅ ውስጥ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን መልእክቱን ረስቼ፣ ወሬውን የራሴ ትዝብት አድርጌው ነበር።

ቆጠራው አልቆ የኔታ ሲዞሩ ከኋላቸው አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። ዓይናቸው ከነጋዴው ሰልፍ መሀል እኔን አገኘኝ።

"አንተም?"

"የኔታ፣ እርስዎ እንዲያርፉ ብዬ ነው።"

"ከምኑ ነው የማርፈው?"

በማግስቱ ራሴን ነጻ ለማውጣት ድንኳኑ በስህተት የሄደበትን ቤት መፈለግ ጀመርኩ። ጎረቤቴ የሰማው ከፀጉር አስተካካዩ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ስጠይቀው ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ ይቀልዳሉ እንዴ? እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ? በወሬው ግለው አንገትዎን ሲያዞሩ ልቆርጥዎት ነበር እኮ!"

"አንተስ ዝም ብለህ ታምናለህ?"

"ያነበበ ሰው ነው ብዬ ነዋ! ሌላ ሰው ቢሆን መቼ አምን ነበር።"

ድንኳኑ በስህተት የሄደበት ቤት ግን የትም አልተገኘም። የኔታ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ድንኳኑ የትም አልሄደም፣ የኔታ። ውሸት ነው።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ንገራቸው እንጂ።"

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ የኔታ አልተገኙም። አዲሱ ዳኛ "ሌላ ሐሳብ ያለው አለ?" ሲል ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ፀጉር አስተካካዩም ጎረቤቴም ከልባቸው ሊያዳምጡኝ ተዘጋጅተዋል። የስብሰባው ሰዓት ወደ ጠዋት ቢዛወር ጥሩ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።