ጸሎቱን አርዝመው

ሲልኩኝ «ሌላ አገር አይደለም፤ የገዛ አገርህ ነው፤ ባንዲራው አንድ፣ ንጉሡ አንድ» ብለው ነው የላኩኝ። አስመራ በገባሁ በሳምንቱ ይህን ያለኝ ሰው ፊቴ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሆዴን እነግረው ነበር። ወንጌል ልሰብክ የመጣሁ፣ ጢሜ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነበርሁ። ማይ ጭሆት በተከራየሁባት ክፍል ዙሪያ ያሉት ጎረቤቶች አማርኛዬን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሻሂ ይጋብዙኛል፣ ሲያመኝ ይጠይቁኛል፤ ብቻ እኔ ስገባ ወሬው ይለወጣል። ባዕድ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጉም ካለው ንገሩኝ።

ሳምንቴ የተቆረጠ ነበር። ማክሰኞ ዓዲ ጓዕዳድ በእግሬ ሄጄ ቤት ለቤት እጠይቃለሁ። ሐሙስ ሆስፒታል ገብቼ በሽተኛ አጽናናለሁ። እሑድ ለመኮንኖችና ለሹማምንት ቤተሰቦች በአማርኛ ይሰበካል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ወንጌላውያኑ አለቃችን ዘንድ ተሰብስበን የሳምንቱን ፍሬ እንናገራለን። ፍሬ! ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም። አለቃችን ከመሀል አገር የመጣ፣ ከመኮንኖች ጋር የሚበላ የሚጠጣ ሰው ነበር፤ አንዱ «በዚህ ሳምንት ምንም የለኝም» ሲለው ከመነጽሩ በላይ ያየውና ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ያ አስተያየቱ ከስድብ ይብስ ነበር። እኔ ለወራት ምንም ካልነበራቸው አንዱ ነበርሁ።

የተረፈኝ እሮብ ነው። እሮብ ከሰዓት በኋላ ዓኽርያ፣ የጋራዡ መዶሻ የማያባራበት ሰፈር፣ አንዲት መበለት ቤት የቤት ጸሎት ነበረን። መበለቲቱ ከኒሻ ናቸው፤ እዚያ እንደኛ ያለውን የወንጌል አማኝ እንደዚያ ነው የሚሉት። ኣደይ፣ እናቴ፣ እላቸው ነበር፤ እሳቸውም ወደይ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የምታስተረጉምልኝ የሰፈሩ ልጅ ናት፣ አስተማሪ፣ አማርኛዋን ከትምህርት ቤት ያመጣች። አማርኛ ስታወራ ሓዋን ከጉሮሮዋ እያወጣች ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ትግርኛ ትሻገራለች፣ እኔም ልከተላት አልችልም።

መጀመሪያ አራት አምስት ሴቶች ይመጡ ነበር። ከዕለታት አንድ እሮብ ግን ቤቱ ሞልቶ ጠበቀኝ። የሚበዙት ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔ ስናገር ያማትባሉ። ለምን መጣችሁ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ደስታው አፌን ዘጋው። ስብከቱን ጨርሼ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ስጀምር ለቅሶው ፈነዳ። የታፈነ፣ ከሆድ የሚወጣ ለቅሶ ነው። ስንወጣ ኣደይ እጄን ይዘው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ወደይ፣ ጸሎት ረጅም አድርግ። በጣም ረጅም» አሉኝ። እኔም አረዘምሁት። በየሳምንቱ ይለቀሳል። ስለ ይቅርታ ሰበክሁ፣ ተለቀሰ። ስለ ኖኅ መርከብ ቁመትና ወርድ ሰበክሁ፣ ተለቀሰ! እስቲ አሁን ማን ነው ስለ መርከብ ወርድ ሰምቶ የሚያለቅሰው? እኔ ግን መንፈስ ወረደ ብዬ ቅዳሜ አለቃችን ፊት ቆሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ዓኽርያ መነቃቃት አለ አልሁ። አለቃችን ከመነጽሩ በላይ አላየኝም፤ መነጽሩን ነው ያወለቀው።

በሚቀጥለው እሮብ ሳል ያዘኝ። ጸሎቱ መሀል ስስል ዓይኔ ተገለጠ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው። ኣደይ መሀላቸው ተቀምጠው ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት አፋቸውን በነጠላዋ ትሸፍንላቸዋለች። መልሼ ጨፈንሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ብቻ አፌ ይናገራል። «አሜን» ስል ነጠላው ሁሉ ተስተካክሎ ተለብሷል።

ፌርማታው ጋ አውቶቡስ ስንጠብቅ አስተርጓሚዬን ያዝኋት። «እህቴ፣ እዚያ ቤት ማን ሞተ?»

ግራ ቀኝ አየችና ነገረችኝ። የኣደይ አንድ ልጅ በረሃ ወጥቶ ነበር፣ ከሸማቂዎቹ ጋር፤ መሞቱን ሰምተዋል። እንዲህ ላለው ልጅ ዳስ አይጣልም፣ ነጠላ አይዘቀዘቅም። ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲለቀስ ከታየ ወታደር መጥቶ ማን ሞተባችሁ ይላል፤ እናትየዋም ትታሰራለች። በአማርኛ የሚሰብክ ሰው ያለበትን ቤት ግን ማንም አይነካውም።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ጸልይ» አለችኝ፤ «ዓይንህን ብቻ አትግለጥ።»

ተናደድሁ? አዎ፣ ተናደድሁ። የእኔ መነቃቃት የሰው ሐዘን መሸፈኛ ሆኖ ተገኘ! ግን ንዴቱ አላደረም። እናቴ እኔን ብትቀብር የት ሄዳ ታለቅስ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ያንን ካሰቡ በኋላ ምን ንዴት አለ? እሮብ ዓይኔን ጭምቅ አድርጌ እጸልያለሁ ብዬ ቆረጥሁ። በሕይወቴ የሚረባ ነገር የሠራሁት ያኔ ነው ልል ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጊዜ አላገኘሁም።

በዚያው በሚቀጥለው እሮብ ኣደይ ደጅ ማኪና ቆመ። አለቃችን ሳይነግረኝ መጣ፤ ከጎኑም የአንድ ኮሎኔል ባለቤት፣ ቤተ ክርስቲያናችንን የሚረዱ ወይዘሮ። «መነቃቃቱን ልናይ መጣን!» አለ። ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ እንደ ድንጋይ ቀረች። እኔ ስብከቱን አረዘምሁ፣ ጸሎቱን አሳጠርሁ፤ ማንም አላለቀሰም። አለቃችን ግን መች በዚህ ይበቃዋል! «ምስክርነት እንስማ» ብሎ ተነሣ። ወደ ኣደይ ዞሮ «እናቴ፣ በየሳምንቱ እንባዎን ያፈስሳሉ ተብያለሁ። ጌታ ምን አደረገልዎ? ይንገሩን» አላቸው።

አስተርጓሚዬ ተረጎመች። ኣደይ ተነሡ። እኔን አዩኝ። ወይዘሮዋን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በትግርኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚዬም መሬት መሬት እያየች «በደስታ ነው የማለቅሰው ይላሉ። እግዚአብሔር እንባዬን ጠርጎልኛል ይላሉ» አለች።

«እልል በሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ አለቃችን እጁን እያጨበጨበ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሐዘን ቤት እልል ማለት እርግማን ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ! አለቃችን ግን ሐዘን ቤት መቆሙን አላወቀም። ማንም አልደፈረም። በመጨረሻ እልልታውን ያወጡት ራሳቸው ኣደይ ናቸው። ሌሎቹ ተከተሉ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?

ወይዘሮዋ አለቀሱ፣ የእውነታቸውን ነው። ደግ ሴት ነበሩ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ኣደይን አቅፈው ስመው «ከእንግዲህ እሮብ እሮብ እመጣለሁ» አሉ። እንዳሉትም መጡ፤ አንድም እሮብ አልቀሩም። ከኣደይ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ የኣደይን እጅ በእጃቸው ይይዛሉ። ጌታ እንባዋን የጠረገላት ሴት ናትና ከዚያ ወዲያ እንዴት ታልቅስ?

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ሁሉ ጸለይሁ። ለንጉሡ፣ ለበሽተኛው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አረዘምሁት፣ ምናልባት አንዲት ትንፋሽ ታመልጣቸው እንደሆን ብዬ። የሚሰማው የጋራዡ መዶሻ ብቻ ነበር።

ስወጣ ኣደይ እስከ በሩ ሸኙኝ። ዓይናቸው ደርቋል። ወይዘሮዋ ከኋላቸው ቆመው ፈገግ ይላሉ።

«የቐንየለይ፣ ወደይ» ብለው አመሰገኑኝ። «ከእንግዲህ ጸሎት አጭር አድርግ።»