አያታችን የሚመቱት ሀዲድ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አያታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ደወል ይደውሉ ነበር። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ሀዲድ ነው። ልጆች ሳለን ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እንኳ መደወላቸውን አልተዉም።

«አባባ፣ ተማሪ በሌለበት ለማን ነው የሚደውሉት?» አለቻቸው እናቴ።

«ባቡሩ ዘገየ እንጂ አልቀረም! ልጆቹ ከየአጥራቸው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እኔ ከዚህ እሰማለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሀዲዱ ሲመታ መጽሐፋችንን ይዘን አጥር ጥግ ቆመን እናነባለን። የአንዱ ቤት ድምፅ ከጠፋ አያታችን ደግመው ይመታሉ! ልጆቻችን ትምህርታቸውን ትተው የሰፈሩ ፋብሪካ ገብተው ይቀራሉ ብለው የሰጉት ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዕለት ሁላችንንም ሰልፍ ላይ አዩን። ከክፍላችን አንድም ልጅ አልጎደለም። አያታችን ሀዲዱን እየቀጠቀጡ «ደረሰ! ባቡሩ ደረሰ!» ይሉ ነበር።

በቀብራቸው ማግስት ጠዋት ከዛፉ ሥር ባዶ በርጩማቸው ብቻ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፤ የሚመታ የለም። በዚያ በወረርሽኙ ጊዜ አብራኝ ታነብ የነበረችው ጎረቤታችን ግን ከአጥሯ ጥግ ቆማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ከማዶ ሌላ ድምፅ ተቀበላት። እኔም መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ።

የእኛ ቤት ዝም አይልም።