ጅቡ ታምራትን አልጠራውም

ልጅ ሳለሁ፣ ጊምቢቹ አጠገብ ባለው የአያቴ የአባባ ቤት ስንሰበሰብ፣ አባባ የሚያወራልን ተረት ሁሉ መጨረሻው ጅብ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራን ጫት የቀመሰው ልጅ ተረት ነው። ልጁ ከገበያ ሲመለስ አንዲት ቅጠል ይቀምሳል፤ በዚያው ምሽት ጅብ በስሙ ይጠራዋል፤ «አቤት» ብሎ ይከተለዋል፤ በቃ፣ ቀረ። አባባ «አቤት» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ፍሙ ፊቱን ከሥር ያበራዋል፤ እኛም ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን ከእሳቱ ፈቀቅ አንልም። ያኔ ለሽንት እንኳ ብቻውን የሚወጣ ጀግና አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ መማር ጀመረ። እናታችን እሁድ እሁድ ቆጮ ጠቅልላ ትሸኘዋለች። አንድ ቅዳሜ ሲመጣ እንሰቱ መሃል ወሰደኝና ጫት እንደቃመ ነገረኝ። ሲያጠና አድሮ ፈተናውን አሪፍ ሠርቷል፤ ጅብም አልጠራውም። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አባባ ይዋሻል ብሎ ማሰብ ከጅቡ ይልቅ አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ ታምራት የማንንም ምክር አይሰማም። ጓደኞቹ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲውጡ አብሮ ዋጠ። አከራዩ የነበሩት ሴትዮ ሰው የሚጥል ነገር ነው ብለው ቢመክሩት፣ ይሄም የጅብ ተረት ነው ብሎ በሆዱ እንደሳቀባቸው በኋላ አጫውቶኛል። ሴትየዋ ግን እውነታቸውን ነበር። አንድ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ወድቆ ሲንፈራገጥ አገኙት፤ ጮኸው ሰው ጠርተው ሆስፒታል አደረሱት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። አባባ ቤት ሆኖ ሲያገግም አንድ ምሽት ልጆች እንደልማዳችን እሳቱን ከበብን። አባባ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊጀምር ሲል ታምራት «አባባ፣ ዛሬ እኔ ላውራ» አለው።

ኪኒኑ መጀመሪያ ደስ እንደሚል ነገረን። ድካሙ እንደሚጠፋ፣ ዓይን አፋር የነበረው እሱ ሰው መሃል እንደሚጫወት፣ የቤት ናፍቆቱ እንደሚቀልለት። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ብድግ ብሎ፣ ለሕፃናት እንዲህ አይነገርም ሲል አባባ አቋረጠው። «ተወው ይናገር። የእኔን ሰምቶ ምን ጠቀመው?»

ታምራትም ቀጠለ። ደስታው እያጠረ ኪኒኑ እየበዛ መሄዱን፣ ሳይውጥ ሲቀር እንደሚያልበው፣ እንቅልፍ እንደሚነሳው፣ ሰውነቱን እንደሚቆራርጠው፣ የወደቀባትን ጠዋት ደግሞ ጨርሶ እንደማያስታውሳት ነገረን። ድምፁን ዝቅም ከፍም አላደረገም። የአጎቴ ልጅ እስራኤል ገና ትንሽ ነበርና «አሁን ግን አስጠልቶሃል አይደል?» አለው። ሁላችንም አዎ እንዲል ጠበቅን።

«አላስጠላኝም። አሁን እያወራኋችሁ ራሱ ያምረኛል።»

እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። አባባ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ። ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ጫት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ ታምራት ደህና ነው ብዬ ብጽፍ ምንኛ ደስ ባለኝ። ይወድቃል፣ ይነሳል፤ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር ልቤ ይርዳል። ዘመዶቻችን ደግሞ ያ ወሬ ልጆቹን አባለገ ይላሉ። እስራኤል ካደገ በኋላ ያንኑ ኪኒን ቀምሷልና አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት። እውነት ነው፤ ቀምሷል። ነገር ግን በማግስቱ ታምራት ዘንድ ሄዶ «ዋጥኩት፣ ፈራሁ» ብሎ ነገረው። ሁለቱ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ፤ እስራኤልም እስካሁን አልደገመውም። ወንድሜ በዚያ ዕድሜው፣ ቤት ሙሉ ትልቅ ሰው እያለ፣ ከእኔ ከሕፃኗ በቀር የሚነግረው አልነበረውም።