ባዶ የመሰለው ዲስክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሼ መላኩ ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ «ለቨርቹዋል ዲስክ ዲፎልት የሴክተር መጠን ስንት ይሁን ትላለህ?» አሉኝ።

«512 ባይት።»

«ለምን?»

«ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ።»

ሳቁና ወንበሩን አሳዩኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሴክተር ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ትንሹ ቁራጭ ነው። ቨርቹዋል ዲስክ ደግሞ ተራ ፋይል ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን የምር ዲስክ ይመስለዋል። እኛ እዚህ ካልጋሪ የምንጽፈው ሶፍትዌር ሥራው ይህን ማሳመን ነው። ስለ መጠኑ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ያስቀመጥንለትን ይዞ ይሄዳል፤ ዲፎልት የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዓመታት በኋላ ዲፎልቱን ወደ 4096 ለመቀየር ተሰበሰብን። ጋሼ መላኩ «የዛሬ ዲስክ ውስጡ 4096 ነው፤ እስከ መቼ የድሮውን እናስመስላለን?» አሉ። ልክ ነበሩ። ሞከርነው፣ ፈጠነ፣ ቀየርነው። በሙከራው ሁሉ ግን አዲስ ዲስክ ነበር የምንፈጥረው። ከሌላ ቦታ የመጣ አሮጌ ዲስክ አንድም አላስገባንም።

አንድ ጠዋት እትዬ አበበች ደወሉ። ማርልቦሮ ሰፈር ባለው የአማርኛ ቸርች የስብከቱና የመዝሙሩ ቅጂ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ሰርቨራቸውን ገና ወደ አዲሱ ሶፍትዌራችን ማዛወራቸው ነበር።

«ልጄ፣ ዲስኩ ባዶ ነው ይለኛል። ኢኒሺያላይዝ ላድርገው ወይ እያለ ይጠይቀኛል።»

«እትዬ፣ ምንም እንዳይነኩ!»

«እየጠየቀኝ ዝም ልበለው? ኦኬ ልበለውና ይረፍ እንጂ።»

«በሞቴ! እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱልኝ።»

አሮጌውን ማሽን ለሪሳይክል ሰጥተውታል፤ ሌላ ባክአፕ የለም። ኢኒሺያላይዝ ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነውና ኦኬ ካሉት ቅጂዎቹ አለቀላቸው። ከሳድል ሪጅ ሰፈር ተነሥቼ እስክደርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። ደግነቱ አልነኩትም፤ ስክሪኑን በጎሪጥ እያዩ ተቀምጠዋል።

ዲስኩ በ512 እየተቆጠረ የተጻፈ ነው። አዲሱ ዲፎልት በ4096 ሲቆጥር የዲስኩን ማውጫ በሌለበት ቦታ ይፈልገዋል፤ ሲያጣው ባዶ ነው ይላል። ማሽኑን አጠፋሁ፣ መጠኑን ወደ 512 መለስኩና አስነሣሁት።

ፎልደሮቹ ተደርድረው መጡ። እፎይ! እትዬ አበበች አንዱን ቅጂ ከፈቱ። በሕይወት የሌሉት ባለቤታቸው ማስታወቂያ ሲናገሩ ተሰማ። «በር ላይ ግራጫ ኮሮላ ፓርክ ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ ሙቭ አድርጉልን።»

«እሱ ነው» አሉ፤ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «መኪናዋ እኮ የኔ ነበረች። እያወቀ ነው!»

በማግስቱ ለጋሼ መላኩ ነገርኳቸው። «ወደ 512 እንመለስ?» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ሶፍትዌሩ አሮጌ ዲስክ ሲገባለት መጠኑን አጣርቶ እንዲከፍት አደረግነው፤ ካላወቀው ይጠይቃል።

ዲፎልት ገና ላልተጻፈበት ዲስክ ነው። የተጻፈበት ዲስክ የራሱ መጠን አለው።