የቡርጋ መንገድና የወንድሟ አጥር

ቡርጋ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ በደጇ ከቆመው የእንጨት መስቀል ፊት ታማትባለች፤ ቀጥላ የብስክሌቷን ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትፈትሻለች። ከዚያ መጥረጊያዋን፣ አካፋዋንና ማጭዷን ብስክሌቷ በምትጎትታት ትንሽ ጋሪ ላይ ጭና ወደ ሥራዋ ትወርዳለች። ሥራዋ መንገድ መጠበቅ ነው።

የምትጠብቀው የብስክሌት መንገድ ነው፤ መኪና አያውቀውም። ከሬሸን ሐይቅ ተነሥቶ የኤትሽን ወንዝ እየተከተለ፣ በፖም እርሻዎች መካከል እየተጠማዘዘ እስከ ሜራን ከተማ ይወርዳል። እናት ትንሽ ልጇን ከፊቷ አስቀድማ ያለ ሥጋት ትነዳበታለች፤ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌም ነፋሱ በጺሙ እየተጫወተ ቁልቁል ይንሸራተትበታል። ከመንደሯ ከፕላዴልስ በላይና በታች ያለው የቡርጋ ድርሻ ነው። የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ጎማ የሚበሳ እሾህ፣ ዝናብ ያመጣው ጭቃ ከመጥረጊያዋ አያመልጥም። ቀንድ አውጣ ስታገኝ ግን አትጠርገውም፤ በጣቷ አንሥታ ወደ ሣሩ ታሻግረዋለች። «እሱም መንገደኛ ነው» ትላለች።

የገበሬ ልጅ ናት። በዚያ አገር ርስት አይቆራረስም፤ አንዱ ልጅ ሙሉውን ይወርሳል፣ ሌላው ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። እርሻው ለታላቅ ወንድሟ ለኢግናዝ ሆነ። በቤቱ የነበረችው አንዲት ብስክሌትም የእሱ ነበረች፤ ቡርጋ ከኋላ ከኋላው እየሮጠች ነው ያደገችው። ስትጎረምስ ሜራን ወርዳ በሆቴል ወጥ ቤት ድስት አጠበች፤ የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል የገዛችው ብስክሌት ነበር። እናቷ ስትታመም ተመልሳ እስከ መጨረሻው አስታመመቻት። አላገባችም። ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ጠባቂ ሲፈልግ ከእሷ ሌላ የቀረበ አልነበረም።

«ርስት አጣሁ ብዬ ሳዝን፣» ትላለች፣ «እግዚአብሔር ከሁሉም የሚረዝመውን ርስት ሰጠኝ።»

ታዲያ የዚያ ረጅም መንገድ ክር አንድ ቦታ ላይ ይበጠስ ነበር፤ እሱም ከኢግናዝ አጥር ሥር ነው። እዚያ ሲደርስ ብስክሌተኛው ወደ መኪናው አውራ ጎዳና መውጣት፣ ወዲያ ማዶ የማይታይበትን ኩርባ መዞርና ከእርሻው በታች እንደገና ወደ ወንዙ መመለስ ነበረበት።

«ቡርጋ፣» ይላታል የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኪሊያን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «መንገድሽ ያን ሁሉ መንደር ደፍሮ አልፎ እናንተ ደጅ ሲደርስ ምን አስደነገጠው? ውሻ አላችሁ እንዴ?»

«ውሻ የለንም፤ ኢግናዝ አለን።»

ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ኢግናዝም ብርጭቆውን ይዞ አብሮ ይስቃል። አጥሩ ግን አይነቃነቅም። አባታቸው ሊሞት ሲል እጁን ይዞ «ከዚህ መሬት ስንዝር እንዳትቆርስ» ብሎታል። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቁራሽ መሬት እንዲሸጥላቸው በመጡ ቁጥር የፖም ጭማቂ ቀድቶ ያስተናግዳቸውና ባዶ እጃቸውን ይሸኛቸዋል። ቡርጋ ራሷ የለመነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ኢግናዝ፣ ኩርባው ላይ አንድ ቀን ሰው ይሞታል።»

«አባባ ሲሞት አንቺም እዚያው ነበርሽ። ያለኝን ሰምተሻል።»

ሰምታለች። ስለዚህ ዳግመኛ ለእሱ አላነሣችም፤ ለፈጣሪ ግን በየማለዳው ታነሣ ነበር። ኩርባውንም ድርሻዋ ሳይሆን ትጠርገው ነበር።

በሚያዝያ ፖሙ ሁሉ አበበ። አበባው ላይ ውርጭ ከመጣ የሸለቆው ገበሬ ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃው በረዶ ሆኖ አበባውን እንደ ብርጭቆ ሲያለብሰው ውስጡ ያለው ነፍስ ይተርፋል። ላላየው ሰው እብደት ይመስላል፤ እነሱ ግን የዓመት እንጀራቸውን የሚያድኑት በዚህ ነው። ብቻ በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉት መርጫዎች ፊታቸው ወደ እርሻው ውስጥ መዞር አለበት። አንድ ሌሊት ውርጩ ሳይታሰብ ደረሰና ኢግናዝ ተጣድፎ ውሃውን ሲለቅ የዳሮቹን ማዞር ረሳ።

ማለዳ ቡርጋ ከኩርባው ስትደርስ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ብላለች። እርሻው በሙሉ እንደ መስታወት ያበራል። «ተመስገን፣ እንዴት ያምራል!» ብላ ሳትጨርስ አስፋልቱም እንደሚያበራ አየች። ከላይ የብስክሌት ደወል ሰማች። ባልና ሚስት ሕፃናቸውን በተሸፈነ ጋሪ እየጎተቱ ወደ ኩርባው ይመጣሉ። ከታች ደግሞ የወተት መኪና እያጓራ ይወጣል።

ብስክሌቷን ጥላ ወደ መሐል ሮጠች።

«ቁሙ! በረዶ ነው! ቁሙ!»

ባልና ሚስቱ ቆሙ። መጥረጊያዋን እያውለበለበች ወደ መኪናው ስትዞር እግሯ ከዳት። በጎኗ ወደቀች፤ ወድቃም መጥረጊያውን ከፍ እንዳደረገች ነበር። ሹፌሩ አያት። መኪናው እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ መጥቶ ከአጠገቧ ቆመ።

ኢግናዝ ጩኸቱን ሰምቶ በጎማ ቦቲው ከእርሻው እየዘለለ ደረሰ።

«ቡርግዬ! ምን ሆንሽ? ምንሽን ተጎዳሽ?»

እጇ ተሰብሯል። ፊቷ ነጥቶ ከንፈሯን ነክሳለች። ቀና ብላ ግን በትከሻው ላይ አሻግራ ዛፎቹን አየች።

«አበባው ተረፈ?» አለችው።

ከዚያ እርሻ አንዲት ዛፍ ያልደረሳት እህቱ፣ በእሱ ስሕተት በበረዶ ላይ ተኝታ፣ የጠየቀችው ስለ አበባው ነው። ኢግናዝ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

«ተረፈ» አለ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ሂድ፣ ከምድጃህ አመድ አምጥተህ በትን፤ ሌላ ሰው ሳይወድቅ።»

በትኖ ሲጨርስ እጁም ጺሙም አመድ ሆኖ ነበር። ከዚያ እሷን ሐኪም ቤት ወሰዳት።

እጇ በጀሶ ታስሮ በከረመበት ጊዜ ማታ ማታ እየመጣ ጥቁር ዳቦዋንና በጭስ የደረቀ ሥጋዋን ይቆርስላት ጀመር። አንድ ማታ ቢላውን አስቀመጠ።

«የውሃ አባቱን ታስታውሺዋለሽ?»

«ሽማግሌውን? እንዴታ!» ከተራራው የሚወርደውን የመስኖ ቦይ የሚጠብቅ፣ አካፋውን ተሸክሞ ከእርሻ እርሻ የሚዞር ሰው ነበር።

«በእርሻችን ውስጥ በቦዩ ዳር ያልፍ ነበር። በሩን የሚከፍትለት አባባ ራሱ ነበር። በዚያ ርስታችን ተቆረሰ?»

«አልተቆረሰም።»

«ውሃው ዛሬ በቧንቧ ነው፤ የቦዩ ዳር ባዶውን ተኝቷል። መሬቱን አልሸጥም፣ አልቆርስም። ሰው ይለፍበት ብል ግን የአባባ ቃል አይፈርስም። አባባ ያሳለፈውን ነው የማሳልፈው።»

የቡርጋ ልብ በምስጋና ሞልቶ ነበር፤ አንደበቷ ግን የእህት ነው።

«ይህን ለማሰብ ይህ ሁሉ ዓመት ፈጀብህ?»

«እጅሽ እስኪሰበር።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ቀደም ብዬ እሰብረው ነበር!»

አጥሩን ያነሣው ኢግናዝ ራሱ ነው። የቦዩ ዳር ለመንገድ ሲጠብበት በወጣትነቱ የተከላቸውን አንድ ረድፍ ዛፎች ነቀለ። «ዛፍ ይነቀላል፣ መሬቱ እዚያው ነው» አለ። ፖሙ ሲለቀም መንገዱ ተገጠመ። ቄሱ አባ ፍሎሪን ጸበል ረጭተው ሲባርኩት መንደሩ ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ቡርጋም የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ መጥረጊያዋን ይዛ።

«እንግዲህ በማን እንስቅ?» አለ ኪሊያን።

«መስታወት የለህም?» አለው ኢግናዝ።

ኢግናዝ በአንድ ነገር ብቻ አስቸግሯል፦ በእርሻው ውስጥ ያለውን ክፍል ከእኔ ሌላ ማንም አይጠርገውም ብሎ። ይጠርጋል፤ ቡርጋም ትመረምራለች።

«ኢግናዝ፣ ጠርዙ ቀርቷል።»

«እርሻዬ ውስጥ ሆነሽ ነው የምትቆጪኝ?»

«አንተስ መንገዴ ላይ አይደል የቆምከው!»

የመጨረሻው ፖም ተለቅሞ ሲያበቃ ሁለቱ ብስክሌታቸውን ይዘው ወደ ሬሸን ሐይቅ ወጡና ፊታቸውን ወደ ሜራን አዞሩ። ያን ሁሉ ቁልቁለት እግራቸው የመኪና ጎዳና ሳይነካ ወረዱት። እርሻቸው ሲደርሱ አጥሩ በነበረበት ቦታ ቡርጋ አማተበች፤ ፍጥነቷን ግን አልቀነሰችም። ኢግናዝ ከኋላ ያለከልካል።

«ቡርጋ! ኧረ ቀስ በይ!»

ዞር ብላ ሳቀችበት።

«እኔ ሮጬ እደርስብህ አልነበር? በል ድረስብኝ!»