አባቴ እግዜርን የተቀየሙበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት የማዳበሪያዋን አፍ ፈታች። ገብሱ እርጥበት ነክቶት ኖሮ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ጣፈጥ የሚል፣ የረጠበ አፈር አፈር የሚል፣ ትንሽም የሚኮመጥጥ ሽታ ወጣ። ባለ ወፍጮው "ይኼማ ድንጋዩን ያበላሽብኛል፣ ወስደሽ አስጪው" እያለ ይነጫነጫል። እኔ ግን የቆምኩበትን ረስቻለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ከጎኔ ተንበርክካ፣ ከጭቃ ውስጥ ገብስ እየለቀምኩ ነበር።

ያኔ እንጅባራን ኮሶ በር ነበር የምንላት። ቤታችን ከኮሶ በር ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው መንገድ፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ከወንዙ ወዲህ የአባቴ ማሳ፣ ከወንዙ ወዲያ የታናሽ ወንድማቸው የአጎቴ ማሳ። አባቴ በምስጋናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው "እንዴት አደርክ?" ሲሉት "እግዜር ይመስገን" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እሳቸው ግን ይቆማሉ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ "ክብር ምስጋና ይግባው፤ ልጅ ሰጥቶኛል፣ ጥማድ በሬ ሰጥቶኛል፣ ጎተራዬን ሞልቶልኛል" እያሉ ይዘረዝራሉ። ሰላምታ ያቀረበው ሰው ቸኩሎ ከሆነ እግሩን እያፈራረቀ ይጠብቃል። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ "እግዜር የሰጠውን ረስቶት ነው እንዴ የሚቆጥሩለት?" ብላ በሹክሹክታ ትስቃለች። ያ ዝርዝር ሁልጊዜ በ"ልጅ" ይጀምር ነበር። ያላቸው ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ሰው ፊት ሲሉት ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እደበቅ ነበር።

በረዶው የወረደው በጥቅምት መጨረሻ ግድም፣ ገብሱ ቢጫ ለብሶ ለአጨዳ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ ቆመ፣ ከብቶቹ ሳይነዷቸው ወደ በረት መጡ። ሲጀምር ባቄላ ያህል ነበር፤ ኋላ ላይ የዘር ድንች አከለ። ቤት ውስጥ ሆነን የምንነጋገረውን መሰማማት አልቻልንም። ሲያባራ የወጣነው ወደ ነጭ ምድር ነው። የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ አየሩን ሞልቶት ነበር። ከገብሳችን የቆመ አገዳ አልነበረም።

በረዶ የራሱ መንገድ አለው ይላሉ። የኛው ወንዙ ጋ ሲደርስ አቁሟል። ከወንዙ ወዲያ የአጎቴ ገብስ ከነዘለላው እየተወዛወዘ ቆሟል። አባቴ መጀመሪያ የራሳቸውን ማሳ አዩ፤ ቀጥሎ ቀና ብለው የወንድማቸውን አዩ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጎረቤት በደጃችን ሲያልፍ "እንዴት አደሩ?" አላቸው።

"ደህና" አሉ አባቴ። ይኸው ነው። እናቴ የያዘችውን ወንፊት አቁማ ቀና ብላ አየቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "እግዜር ይመስገን" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። አጎቴ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። "ጋሼ፣ የኔን ማሳ አብረን እንጨደው። ከሁለት ቤት አንድ ማሳ ተርፏል ማለት ነው" አላቸው። አባቴ፣ "እግዜር ላንተ የሰጠህን አንተው ብላው" ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። አጎቴ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ ለማዶ እየተያዩ ሰላም አይባባሉም ነበር።

የከበደው ነገር የማኅበሩ ተራ የኛ መሆኑ ነው። ወላጆቼ የሚካኤል ማኅበርተኞች ነበሩ፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን በየተራ ይደገሳል። የኅዳርን ሚካኤል ለማውጣት ጽዋውን የተቀበሉት አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ በደህናው ቀን፣ በኩራት።

"ሙሴው ዘንድ ሰው ላኪና ተራውን ለሌላ ያሳልፉት" አሏት እናቴን። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል።

"አላሳልፍም" አለች እናቴ።

"ምን ልታቀርቢላቸው ነው? በረዶ?"

"ያለንን።"

"የለንም።"

"እንግዲያው የለንም ብለን አብረን እንቀመጣለን" አለችና ቁና ይዛ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ገብስ ለቀማ የገባነው እንዲህ ነው። ዘለላው ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ጣታችንን እየሰደድን ፍሬ ፍሬውን እናወጣለን፤ ብርዱ ጥፍር ያደነዝዛል። በሦስተኛው ቀን የለቀምኩትን ሳይ ከየፍሬው ነጭ ክር የመሰለ ሥር ወጥቷል። "እማየ፣ ይኼ እኮ በቅሏል፣ ተበላሽቷል" አልኩ፤ ልቅሶዬ መጣ። እናቴ አንድ እፍኝ ወስዳ አሸተተችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከበረዶው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

"ብቅል ነዋ ልጄ። ለጠላው ብቅል ከየት አመጣለሁ ስል፣ በረዶው ራሱ አበቀለልኝ።"

ወንዝ ወርደን አጠብነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሰጣነው። ጌሾው ከአምና የተረፈ ነበር። አባቴ በዚያ ሲያልፉ ያዩናል፣ ግን አይጠይቁም።

የሚካኤል ዕለት ማለዳ አባቴ ቆንጨራቸውን ይዘው "ቀርቀሃ ልቆርጥ ነው" ብለው ወጡ። ግምጃ ቤት ገበያ እየወሰዱ መሸጥ ጀምረው ነበር። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። አጎቴም መጣ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታ፣ "ሂጂ፣ አባትሽን ጥሪያቸው" አለችኝ።

ቀርቀሃው ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ነፋስ ሳይኖርም ይንሿሿል። የቆንጨራውን ድምፅ እየተከተልኩ አገኘኋቸው።

"አባየ፣ ሰዎቹ መጥተዋል። እማየ ይምጡ ብላለች።"

"አልመጣም በያት።"

"ሙሴው ሲጠይቁስ?"

ዞር አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ምስጋናችሁን እዚያው ጨርሱት በያት። እኔ የማመሰግንበት ምንም ነገር የለኝም" አሉ በአገውኛ፤ ቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነበር፤ ሲቆጡ ደግሞ ቋንቋው ይጠነክርባቸዋል።

"እኔስ?" አልኳቸው።

አስቤ አልተናገርኩትም፤ አመለጠኝ። አባቴ ቆንጨራውን እንደያዙ ቀሩ። መልስ ሳልጠብቅ እየሮጥኩ ተመለስኩ። እናቴ በዓይኗ ስትጠይቀኝ "አላገኘኋቸውም" አልኳት። ከፀጉሬ ላይ የቀርቀሃ ቅጠል አንስታ ጣለች።

ቄሱ ዳቦውን ባረኩ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ከዳንግላ በኩል የመጡ፣ አገውኛ የማይችሉ፣ ድምፃቸው የሳሳ ሽማግሌ። ዳቦው ትንሽ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የድንች ቅቅልና አዋዜ ነው። ሙሴው ዙሪያውን ተመልክተው "ባለቤቱስ?" አሉ።

"ቀርቀሃ ሊቆርጡ ወጥተዋል" አለች እናቴ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። "ለምን እዋሻለሁ፤ እግዜርን ተቀይመዋል።"

አጎቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ቄሱ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

"ይሁን" አሉ ቄሱ። "ሰው የሚቀየመው የሚያውቀውን ነው። የማያውቀውን ማን ይቀየማል? ድርሻቸውን አስቀምጪላቸው።"

ሰዎቹ ድንቹን እየላጡ መብላት ጀመሩ። ጠላው ቀጠን ያለ፣ ትንሽ አፈር አፈር የሚል ነበር። ሙሴው ቀምሰው፣ ከንፈራቸውን ጠርገው፣ "መልካም ነው" አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጥቂት እንደቆየን ከበራፍ ቀርቀሃ መሬት ለመሬት ሲጎተት ተሰማ። ድምፁ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሚገባ ሰው ግን የለም።

የተነሳው አጎቴ ነው። ጎንበስ ብሎ ወጣና ከአባቴ ትከሻ ላይ እስሩን ተቀብሎ ግድግዳው ሥር አስደገፈው። አባቴ በጭቃ እግራቸው ገቡ፤ ወደ ባለቤት ቦታቸው አላለፉም፣ በሩ አጠገብ አጎቴ የተነሳበት ላይ ተቀመጡ።

"እንዴት ዋልክ ልጄ?" አሏቸው ቄሱ።

የሁሉም ሰው እጅ ባለበት ቀረ። ለዚህ ጥያቄ አገር የሚያውቀው አንድ መልስ ነው ያለው። አባቴ በዓይናቸው ቤቱን ሲፈልጉ ሲፈልጉ እናቴ ጀርባ እኔን አገኙኝ። ብዙ አዩኝ።

"አለሁ፣ አባ" አሉ።

"እሱም ምስጋና ነው" አሉ ቄሱ። "ለዛሬ ይበቃል።"

እናቴ ጽዋውን ሰጠቻቸው። ጠጡና ቀና አሉ። "ብቅሉን ከየት አመጣሽው?"

"ከማሳዎ" አለች።

ጽዋው ውስጥ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ እስከ አተላው ጠጡት።

በማግስቱ ማጭዳቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ከአጎቴ ማሳ ገና ያልታጨደ ጥግ ቀርቶ ነበር፤ አብረው ጨረሱት። እንዲህ ስላችሁ ሁሉ ነገር ወዲያው የተቃና እንዳይመስላችሁ። ያን በጋ ድንች በልተን፣ ድንች በልተን፣ አንዳንድ ቀን በቀን አንዴ ብቻ በልተን ነው ያለፍነው። ከበሬዎቹ አንዱ ተሸጠ። አባቴም ያቺን ቃል ለማለት ወራት ፈጅቶባቸዋል። የሰማኋት በግንቦት፣ አጎቴ የሰጣቸውን ዘር እየዘሩ ሳለ ነው። መንገደኛ ሰላም ሲላቸው፣ እጃቸው ዘር እንደያዘ "እግዜር ይመስገን" አሉት። ዝርዝር አልነበረውም። መንገደኛው አለፈ፤ እሳቸውም ዘራቸውን ቀጠሉ። እኔ ብቻ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

ከዚያ ዘር የደረሰው ገብስ በኛ ቀበሌ ሰው አይቶት የማያውቀው ነበር። ዓውድማው ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ የአባቴን የድሮ ምርቃትና ምስጋና ይጠብቃል። እሳቸው የመጀመሪያውን ቁና ሞልተው ለቤተ ክርስቲያን ለዩና ክምሩ ጎን ቁጭ አሉ። ገለባው ፀሐይ ላይ እየበነነ ፊታቸው ላይ ያርፋል።

"ምነው ጋሼ፣ ደስ አላለህም?" አለ አጎቴ።

"ደስ ብሎኛል" አሉ። "እስከ ዛሬ ያመሰግን የነበረው ጎተራዬ ነው፣ እኔ አልነበርኩም። እስቲ ቀስ ብዬ ልልመደው።"

በሚቀጥለው መስከረም ዳንግላ ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ወሰኑ። ሴት ልጅ ከዚያ ሰፈር ለትምህርት ስትሄድ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ሙሉ ቀን ተጓዝን፤ እኔ በፈረስ፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግር። ካፊያው አላቋረጠም። የማድርበት ዘመድ ቤት ስንደርስ እርጥብ ነበርኩ፣ እንቀጠቀጣለሁ። አባቴ ከውስጥ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያቆዩትን ጋቢያቸውን አወጡ። ደረቅና ሙቅ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ለራሳቸው አልደረቡትም። ጠቀለሉኝ፣ ጫፉን አገጬ ሥር ሸጎጡልኝ፣ "በርቺ" አሉኝ። ጎረምሳ እንደሚሰናበት ቸኩለው ፈረሱ ላይ ወጡ። በሸሚዛቸው ብቻ፣ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ብርዱ አገር ተመለሱ።

አሁን እሳቸውም እናቴም የሉም፤ ሁለቱም ሚካኤል አጸድ ጎን ለጎን ናቸው። ጋቢው ግን ብዙ ዘመን አገለገለኝ። መሐሉ ሳስቶ ከተበሳ በኋላ ደህናውን ወገን ቆርጬ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደች ዕለት የታቀፍኳት በዚያ ነው።